ሰብስቤ የጻፈው ዕድሜ

ኩዌት ውስጥ ሰብስቤን ጠበቃ አድርጎ የሾመው መንግሥት አይደለም፤ ማህቡላ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የአገሩ ሴቶች ናቸው። እዚያ አገር የውጭ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርም። ሰብስቤ መሀል ከተማ፣ ኡስታዝ በድር በሚባል ኩዌታዊ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ነው፤ አማርኛውን ወደ ዐረብኛ፣ ዐረብኛውን ወደ አማርኛ ሲያገላብጥ ይውላል፣ አቤቱታ ያረቃል፣ ሻይ የሚያፈላው ሰውዬ የቀረ ዕለት ሻይም ያፈላል። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ያለፈባትም፣ አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘባትም «ጠበቃዬ» እያለች ስትደውልለት ግን «ኧረ እኔ አስተርጓሚ ነኝ» ማለቱን ከተወው ቆየ። ሰው ደጋግሞ ሲያከብርህ ማስተባበል ይደክማል፤ ሰብስቤ ደግሞ እዚህ ላይ ቶሎ የሚደክም ሰው ነው።

ደግነቱ የውሸት አልነበረም። ይህን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ ኋላ የሚመጣውን የሰማ ሰው ሊጠላው መቸኮሉ አይቀርምና። የታመመችውን ሆስፒታል ያደርሳል፣ የታሰረችውን ይጠይቃል፣ የሟች አስከሬን ለማሳፈር ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የሰነበተበት ጊዜም አለ። ልጅነቱን ጅዳ ስላሳለፈ ዐረብኛው እንደ ውኃ ይወርድለታል። ሕጉን አገሩ ተመልሶ ተማረ፤ ወልድያ ላይም የራሱ ጠባብ የጥብቅና ቢሮ ነበረችው። ለምን ዘግተህ መጣህ ሲሉት «ሥራው ቀዘቀዘ» ይላል፤ ሁለተኛ የጠየቀው አልነበረም።

አበራሽ ማህቡላ ከባሕሩ ፊት ለፊት ካሉት ሕንፃዎች በአንደኛው ሥር ፀጉር ቤት አላት። አርባን የተሻገረች፣ ምላሷ የማይታጠፍ፣ እጇ ግን ለስላሳ ሴት ናት። ከሰብስቤ ጋር ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ተነጋግረዋል። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ አያውቅም፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ድራማ ላይ ተተክለው ነበር። ከዓመታት በፊት የታየ የወንጀል ድራማ ነበረ፤ ምስክር የሚገዛ፣ ሰነድ የሚፈበርክ፣ በመጨረሻም ወህኒ የወረደ ጠበቃ ያለበት። አሁን ያው ጠበቃ ከመበላሸቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበር የሚለውን ሠርተው አመጡት። ወጣት ነው፣ ቀጭን ነው፣ እናቱን ይወዳል። ሴቶቹ ሁለት ጎራ ሆነው ይጨቃጨቃሉ፤ ገሚሱ ዓይኑ ገና ድሮ ሌባ ነበር ይላል፣ ገሚሱ ሰው ነው ያበላሸው ይላል። ሰብስቤ ግን ድራማው ሲጀምር ስልክ መጣልኝ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል።

አንድ ቀን እውነትም ስልክ መጣለት። የደወለችው ማንጋፍ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ ተዋበች ናት። ከማዳሟ ቤት የጠፋች አንዲት ልጅ እነሱ ዘንድ ሁለት ቀን ተደብቃ ቆይታ፣ ዳቦ ልገዛ ብላ ስትወርድ ፖሊስ ያዛት። ስሟ ሐመልማል ነው። ወርቅ ሰርቃለች ተብላለች።

ሰብስቤ በማግስቱ ጣቢያ ሄደ። የወጣችለት ልጅ የቀሚሷን እጅጌ ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበር። ቃሏን ሲሰማ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማዳም ዘመድ ጥየቃ ወጣች። ሐመልማል ክፍሉን ስታጸዳ የማዳም እናት የነበረውን የወርቅ አምባር አየች፤ አደረገችው፤ ፎቶ ተነሥታ አገር ቤት ላለች ጓደኛዋ ልትልክ። ማዳም ድንገት ስትመለስ የአምባሩ መቆለፊያ ለሐመልማል አልከፈት አላት። እጅጌዋን ወደ ታች ስባ፣ የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥላ፣ ልጥል ነው ብላ ወጣች። ከዚያ እግሯ ወደ ኋላ መመለስ እምቢ አላት። ሲይዟት አምባሩ አሁንም እጇ ላይ ነበር፤ በሳሙና ነው ያወለቁት።

ይህን ሁሉ ነግራው ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ጋሼ፣ ስልኬን ሲመልሱልኝ ፎቶው ይኖራል? ቆንጆ ወጥቼ ነበር።»

ሰብስቤ ዕድሜዋን ሲጠይቃት «ሀያ ስድስት» አለች፤ ጥያቄው ሳያልቅ፣ እንደተሸመደደ የቃል ጥናት። ፊቷን አየ። ሀያ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ለፎቶ ብላ አትታሰርም። በፓስፖርታቸውና በፊታቸው መካከል ዓመታት የሚጎድሉ ልጆች ከዚህ በፊትም አጋጥመውታልና አልገረመውም። የዚያን ዕለት ስሜቱ ንጹሕ ነበር፤ የተናደደው ወረቀቱን በሠራው ሰው ላይ ነው።

ኡስታዝ በድር ጉዳዩን ያዘ፤ ካስመጣት ኤጀንሲም ፋይሏ ተላከ። ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያገላብጥ ከዐረብኛው ትርጉም ሥር የአማርኛው ቅጂ ወጣ። የዕድሜ ማረጋገጫ፣ በጠበቃ ፊት የተሰጠ ቃል፣ የሦስት ምስክር ፊርማ፣ የትውልድ ቀን ጥር 13። ማኅተሙ ወልድያ ይላል። ከማኅተሙ ሥር ደግሞ እንደ ጅራት የተጎተተች ፊርማ አለች። ያችን ፊርማ በዓለም ላይ የሚፈርም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ላብ ያጠምቀው ነበር።

ጥር 13 የሰብስቤ የራሱ የልደት ቀን ነው። ያኔ ለእያንዳንዷ ልጅ ቀን መፈለግ ሲሰለቸው ለሁሉም ያንኑ ይጽፍላቸው ጀመር። ማህቡላ ውስጥ በጥር ወር በአንድ ቀን ፀጉሯን ለልደት ልትሠራ የምትመጣው ሴት ብዛት አበራሽን ያስቃታል፤ የወሎ እናቶች ተነጋግረው ነው እንዴ ባንድ ቀን የወለዱት ትላለች። ሰብስቤም አብሮ ይስቅ ነበር።

ወረቀቱን ሲጀምር ለክፉ አልነበረም። አባቶች ቢሮው መጥተው ያለቅሱበታል፤ ልጄ በሕጋዊ መንገድ ካልሄደች በበረሃ ትሄዳለች፣ ባሕር ይበላታል ይሉታል። የመጀመሪያዋን ልጅ ወረቀት በር ቆልፎ ፈረመ። አሥረኛዋን ሻይ እየጠጣ። ኋላ ለኤጀንሲ ልጆች የሚመለምል ደላላ በሚኒባስ ጭኖ ማምጣት ሲጀምር ሰብስቤ ቀና ብሎ ፊታቸውን ማየት ተወ። ሥራው ቀዘቀዘ የሚለው ውሸት ነው፤ ሥራው እጅግ ሞቆ ነበር፤ ሙቀቱን ፈርቶ ነው የሸሸው።

አሁን ዙሪያውን ተመለከተና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የዐረብኛው ትርጉም የጠበቃውን ስም አልጻፈውም። ከተማው ውስጥ ያንን ነገር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ራሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ገና ልጅ ትመስለኛለች ብሎ ለኡስታዝ በድር ነገረው። ኡስታዝ በድር ጉዳዩን በሁለት ከፍሎ አስረዳው። እንደ ትልቅ ሰው ከተፈረደባት፣ ካሠሪዋ ቤት የሰረቀች ሠራተኛ ናትና ዓመታት ትታሰራለች። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ልጆች ችሎት ይዞራል፤ እሷም ወደ ወላጆቿ የመላክ ዕድሏ ሰፊ ነው። ሐኪም አጥንቷን ቢያይም ከአሥራ አምስት እስከ ሀያ ትሆናለች ከማለት አያልፍም፤ ሐኪም ካመነታ የሚታመነው ሰነዱ ነው። «ሰነዱ ሐሰት ነው ብሎ የሚምል ሰው ይኖራል?» ብሎ ጠየቀው ኡስታዝ በድር። ሰብስቤ አፈላልጋለሁ አለ። እንዲህ ያለ ፈላጊ ይግጠምህ እንግዲህ።

ሌላ መንገድ የቀረ መስሎት ቁርጡባ ሰፈር፣ የልጅቷ አሠሪ ማዳም ሃጀር ቤት ሄደ፤ ክሱን ትተውላት እንደሆነ ሊለምን። ማዳም ሃጀር መምህርት ናት፤ ክፉ ሴት ብትሆን ለሰብስቤ ይቀለው ነበር፣ አልሆነችም። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሻይ አስቀረበችለት። አምባሩ የሟች እናቷ ነው፤ ያማት እሱ ነው። ልጅቷ የመጣች ቀን ትንሽ መስላት እንደነበርና ኤጀንሲው ሄዳ እንደጠየቀች ነገረችው። «ወረቀቱን አሳዩኝ፣ አመንኩ» አለችው። «የታመመ አባቴን ስታነሣና ስታስተኛ ነው የከረመችው። ልጅ ከሆነችማ ኀጢአቱ የኔም ነው፤ በድያታለሁ ማለት ነው። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ካለ መርማሪው ፊት ይናገር፣ እኔ ያኔውኑ እተዋለሁ። ሀያ ስድስት ዓመት ሞልቷት ከሆነ ግን የእናቴን ማስታወሻ የወሰደችብኝ ሌባ ናት።» ሰብስቤ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ኪሱ ውስጥ ያለችው አንዲት ወረቀት ድንጋይ ሆና ትከብደው ነበር።

ቅዳሜ ጧት አበራሽ ዘንድ ሄደ፤ ደንበኛ የማይበዛበት ሰዓት ነው። እሷ ፎጣ እያጣጠፈች ያንኑ ድራማ ትመለከታለች። ወጣቱ ጠበቃ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ፊት ተቀምጦ ብዕር አንሥቷል። ሊፈርም ነው። አበራሽ ፎጣውን ጭኗ ላይ አኑራ በቀስታ «ተው ልጄ፣ ተው» አለችው፤ ቴሌቪዥኑን። ሰብስቤ መጨረሻውን እያወቅሽው ምን ትለምኚዋለሽ ብሎ ሊቀልድባት ሞከረ።

«ማወቄን አውቃለሁ» አለች። «ግን ክፉ ሆኖ አልተወለደማ። በየክፍሉ አንድ አንድ ጊዜ መመለስ የሚችልበት በር አለ። እየዘለለው ሲያልፍ ነው የምናደደው።»

ያኔ ሰብስቤ ወረቀቱን አውጥቶ ከፎጣዎቹ ላይ አኖረው። አበራሽ አነበበችው፤ ፊርማውን ታውቀዋለች፤ ለፀጉር ቤቷ የኪራይ ውል ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመላት እሱ ነው። ምንም ሳይሸሽግ ነገራት፤ የአባቶቹን እንባ፣ ሚኒባሱን፣ ደላላውን፣ ጥር 13ን። ስንት ናቸው ብላ ስትጠይቀው አልቆጠርኩም አለ። ቆጥረሃል አለችው። ስልሳ አንድ አለ።

አበራሽ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ፊቷ ላይ ሰብስቤ የጠበቀው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሐዘንም ነበር፣ እሱ ደግሞ የባሰ ቆረጠው። ቢናገር የሚሆነውን ዘረዘረላት፦ ሥራው ይቀራል፣ ኢቃማው ይሰረዛል፣ ምናልባት እዚህ ይታሰራል፣ ምናልባት አገሩ ሲገባ ይጠብቁታል፤ ሠርጉም አለ። ዝርዝሩ ሲረዝም ራሱም ጆሮው ላይ አስቀየመው።

«እኔ ‹ቅደደው› እንድልህ ነው የመጣኸው» አለችው። «አልልህም። ተናገር ብዬም አልገፋህም፣ ኋላ በኔ ታሳብባለህ። ያንተ ነው፣ ውሰደው።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጠራችውና ስሜት በሌለው ቃና፣ እንደ ተራ ነገር፣ ጣቢያ የሚቀርበው መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። እሁድ ጧት አላት።

እሁድ ጧት መርማሪው ቢሮ ሐመልማልን አቀረቧት። ሰብስቤ እዚያ የሚቀመጠው እንደ ጠበቃ አይደለም፤ አማርኛ የሚችል ሰው ሲታጣ የሚጠሩት እሱን ነውና፣ የሚሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊያስተረጉም ምሎ ነው የተቀመጠው። ከመግባታቸው በፊት ኮሪደሩ ላይ እውነተኛ ዕድሜዋን እንድትናገር መክሯት ነበር። እሺ ብላ ራሷን ነቅንቃ ነበር። ሰብስቤ መላ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ የደረሰበት ይህ ነው፤ ልጅቷ ራሷ ትናገር፣ የማዳም ልብ ይራራ፣ ሐኪሙም ትንሽ ወደ ታች ይገምት፣ ወረቀቷ ደግሞ ኪስ ውስጥ ትቅር። ሁሉም ይዳን፣ እሱም ይዳን። ሰው ለራሱ ሲያዝን የሚያወጣው ሒሳብ ሁልጊዜ ይገጥማል።

መርማሪው በትሕትና ስሟን አስጠየቀ፣ ተናገረች። ዕድሜዋን አስጠየቀ። ሐመልማል ሰብስቤን አየችው፣ መርማሪውን አየችው፣ የግድግዳውን ሰዓት አየችው።

«ሀያ ስድስት» አለች።

መርማሪው ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ ትርጉሙን ጠበቀ። ሰብስቤ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፤ የተባለውን ብቻ በዐረብኛ መድገም። መሐላው ይጠበቃል፣ ማንም አይወቅሰውም፣ አንድም ቃል አልዋሸም። በሕይወቱ እንዲህ በሐቅ የሚነገር ውሸት ገጥሞት አያውቅም። ያቺ ቁጥር ደግሞ የልጅቷ አይደለችም፤ እሱ የሰጣት ናት።

መርማሪው ጥያቄውን ደገመለት።

«ይህን መልስ ማስተርጎም አልችልም» አለ ሰብስቤ በዐረብኛ። «እዚህ ጉዳይ ላይ አስተርጓሚ መሆን አልነበረብኝም። ምስክር ነኝ።» ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ማኅተሙን አሳየ፣ ፊርማውን አሳየ፣ ባዶ ወረቀት ለምኖ ከጎኑ ያንኑ ፊርማ ፈረመ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው እንዳለው፣ እሱ ሀያ አራት ብሎ እንደጻፈ፣ አሁን እንግዲህ አሥራ ሰባት እንደሆነች ተናገረ። ወረቀቱን ከፋይሉ የሰረቀውም እሱ መሆኑን አልደበቀም። መርማሪው ስልኩንና መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ እንዲተው አዘዘ። ሌላ አስተርጓሚ እስኪመጣ ሁለቱንም ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ አንድ ፖሊስ ከፊታቸው ቆመ።

ሐመልማል እጅጌዋን መንከስ ጀመረች። «ጋሼ፣ ምን አልካቸው?»

«ዕድሜሽን ነገርኳቸው። ወረቀቱን ወልድያ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ ሐመልማል።»

መጀመሪያ የገባት አልመሰለም። ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረችና ፊቱን መረመረች። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ያየችው ሰው መላጣ ነበር እንጂ ፊት አልነበረውም፤ እንዲህ ብላ ነገረችው፣ ያለ ቂም። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ። ደላላው ዕድሜሽን የተናገርሽ ቀን አባትሽ ይታሰራል ብሏት ነበር። ለዚህ ነው ሀያ ስድስት ያለችው።

«አባትሽን ማንም አይጠይቀውም፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ብያቸዋለሁ» አላት ሰብስቤ። «በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። አሁን ሲጠይቁሽ ስለ ማንም ብለሽ አትዋሺ፤ ስለ እኔም ቢሆን።»

አዲሷ አስተርጓሚ እያለከለከች ደረሰች፤ ጽጌረዳ ትባላለች፣ ከሌላ ቢሮ ነው የጠሯት። ሐመልማልን ወደ ውስጥ አስገቧት፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ሰብስቤ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ። ከሁሉ ይልቅ የገረመው ቅለቱ ነበር። ሥራው ሄዷል፣ አገሩ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፣ አበራሽ ትጠብቀው አትጠብቀው አያውቅም፤ ግን ከስልሳ አንዱ አንዷን ልጅ ቢያንስ መልሻታለሁ ብሎ ትከሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።

ከውስጥ የጽጌረዳ ድምፅ ተሰማ፤ ዕድሜሽ ስንት ነው የኔ እናት፣ አለቻት። ሰብስቤ ሳያውቀው ከንፈሩ አሥራ ሰባት እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

«አሥራ ስድስት» አለች ሐመልማል። «አባቴ ያኔ አንድ ዓመት ጨምሮ ነው የነገራቸው። አሥራ አራት ነበርኩ።»

ሰብስቤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ አሞህ እንደሆነ ውኃ ላምጣልህ አለው። «አሥራ አራት» ብቻ አለው።